ንድፍ ከቀለም ይቀድማል
(የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት በአጭሩ)

በዛሬው ጽሑፋችን የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለመቃኘት እንሞክራለን። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ከብዙ ታዋቂ ሰዎች መካከል ይህን ሰው ለምን እንደመረጥን መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱ የገዛ ራሳችን ጥፋት ነውና።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ወቅት አራተኛ ክፍል ገብተን ስለ ተክል ክፍሎች እናስተምር ነበር። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል እያልን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጭራል። ጠጋ ብለን ስናይ ደብተሩን ገልብጦ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሥዕል ይስላል። ተናደድን። ገጹን ቀደን ጨመደድነውና ኪሳችን ከተትነው፤ ልጁንም ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አቆምነው። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሥርዓት ያስከበርን መስሎን ደስ አለን።

ማታ መኝታ ክፍላችን ስንገባ ያ የተጨማደደ ወረቀት ከኪስ ወጣ። ዘርግተን አየነው። መገናኛ ላይ የቆመ ሚኒባስ ነው። ረዳቱ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ በሌላው ተሳፋሪ ይጠራል። እጁ አልረዘመም፣ አላጠረም፤ ልክ ነው። አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ሰው ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ልጁ በደንብ አይቷል። በዚያው ቀን እኛ ሰሌዳው ላይ የሳልነው ተክል ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ጃንጥላ ነበር የሚመስለው። ታዲያ ማን ማንን መቅጣት ነበረበት?

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ስለ ሥዕልና ስለ ሠዓሊዎች እያፈላለግን ማንበብ የጀመርነው። ስናነብም ገብረ ክርስቶስ ላይ ቆምን። አንደኛ፣ በዚሁ በእኛ አቅጣጫ፣ በኮተቤ፣ ተምሮ ያለፈ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን መምህርም ነበር። ሦስተኛውን ምክንያት አንባቢ ጽሑፉን ሲጨርስ ያገኘዋል። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እናሳስባለን፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነው ሲመጣ ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።

የአለቃው ልጅ

ለመሆኑ ገብረ ክርስቶስ ማን ነበር?

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ፣ እናቱ ወይዘሮ አጸደ ማርያም ወንድማገኘሁ ይባሉ ነበር። አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ስለዚህ ልጁ ቀለምና ብዕር የተዋወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው። የአባቱን ሥዕሎች እያየ መቅዳት የጀመረውም ገና በልጅነቱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የብራናን ሥራ ብናስተውል ይጠቅመናል። የብራና ሠዓሊ ዝም ብሎ ቀለም አይደፋም። መጀመሪያ የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ በልክ ይቆረጣል። ጽሑፉ እንዳይዛነፍ በወስፌ መስመር ይሰመርበታል። ከዚያ የሥዕሉ ንድፍ በቀጭን መስመር ይወጣል። የዓይኑ፣ የእጁ፣ የልብሱ እጥፋት ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው የሚሞላው። በመጨረሻም ጥቁሩ መስመር እንደገና ይሳብና ሥዕሉ ይጠራል። ብራና ውድ ነው፤ የተበላሸ ገጽ እንደ ደብተር ወረቀት ተቀዶ አይጣልም። ስለዚህ ሠዓሊው ብራናውን ከመንካቱ በፊት እጁን ያፍታታል። በአንዳንድ ጥንታዊ መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ለልምምድ የተጫሩ ፊቶችና እጆች ዛሬም ይታያሉ። እንግዲህ የንድፍ ደብተር የሚባለው ነገር ከፈረንጅ አገር የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ገብረ ክርስቶስ ልጅነቱ በደስታ ብቻ ያለፈ አልነበረም። ጣሊያን ሐረርን በ1936 ሲይዝ ገና ሕፃን ነበር። ሀገር ነፃ ስትወጣም ገና ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ነው እንደ እድሜ እኩዮቹ መደበኛውን ትምህርት የተያያዘው።

ኮተቤ በዚያን ጊዜ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለመከታተል ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ኮተቤ በነበረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በጄኔራል ዊንጌትም ተምሯል። የኮተቤው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1943፣ ሀገር ነፃ በወጣች በ2 ዓመቷ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር።

የዛሬው ሰው ከቦሌ ተነስቶ፣ መገናኛ ላይ ተሰልፎ፣ ታክሲ ለውጦ ኮተቤ ሲደርስ ግራና ቀኙ ፎቅና ሱቅ ነው። በዚያ ዘመን ግን ኮተቤ ከከተማው የራቀ ገጠር ነበር፤ እርሻ፣ ባሕር ዛፍና ከላይ የየካ ተራራ። ቦሌም ብትሆን ያኔ ሜዳ ነበረች፤ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ የተሠራው በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሐረር ግንብ ውስጥ ከጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች የመጣ ልጅ ይህን ሰፊ ሜዳና ተራራ ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን? ብለን እኛ ብዙ ጊዜ እናስባለን። እኛም እኮ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን በዚሁ ተራራ ሥር ነው የምንማረው።

ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ፣ በ1950 ወደተከፈተው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ መማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የሚገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከኮሌጅ የወጣ ደግሞ ወንበሩ፣ ደመወዙ፣ ክብሩ ይጠብቀዋል። ገብረ ክርስቶስ ግን ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ተወው። ሥዕሉን መረጠ።

ይህን በቀላሉ አንለፈው። ዛሬ እንኳ አንድ ልጅ ሠዓሊ መሆን እፈልጋለሁ ቢል እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይቆጣል። በዚያ ዘመን ደግሞ ዛሬ የምናውቀው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ ገና አልተቋቋመም። በቺካጎ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት በ1950 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሥዕል የሚወድ ወጣት ያለው አማራጭ ወይ በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥር ሆኖ መማር፣ ወይ በራሱ መጣጣር፣ ወይም ውጭ አገር የሚሄድበትን ዕድል መጠበቅ ነበር። ገብረ ክርስቶስም በራሱ እየጣረ ሲስል ቆየና ዕድሉ መጣለት።

ኮሎኝ

በ1957 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደና ኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የፈራረሰች ከተማ ነበረች፤ ታላቁ ካቴድራሏ ግን ቆሞ ቀርቷል። ገብረ ክርስቶስ ሲደርስ ከተማዋ ገና በመገንባት ላይ ነበረች።

በጀርመን አገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነሱ ሠዓሊዎች ዓለምን እንደምትታየው ሳይሆን እንደሚሰማቸው መሳል ጀምረው ነበር። ፊቱ አረንጓዴ፣ ፈረሱ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ከነሱም መካከል እንደ ካንዲንስኪ ያሉት ጭራሽ የሰውም የዕቃም ቅርጽ የሌለበት፣ በመስመርና በቀለም ብቻ የሚናገር ሥዕል ሠሩ። ይህን ነው በእኛ ቋንቋ ረቂቅ ሥዕል የምንለው። ገብረ ክርስቶስ በዚህ አሠራር ተማረከ። በ1961 በጥሩ ውጤት ተመረቀ፤ ሥራዎቹንም እዚያው ጀርመን አሳየ። በ1962 ወደ ሀገሩ ተመለሰ።

ስለ ንድፍ ጥቂት

ታሪኩን እዚህ ላይ ትንሽ አቆም እናድርገው። ብዙዎቻችን ሥዕል ማለት ሠዓሊው ሸራ ፊት ቆሞ፣ ብሩሹን አንስቶ፣ በአንድ ስሜት የሚጨርሰው ነገር ይመስለናል። እኛም እንዲያ ይመስለን ነበር። ግን አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከትንሽ ደብተር ነው። ሠዓሊው ያየውን ነገር፣ የተቀመጠች አሮጊት ትሁን የቆመ ፈረስ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይጭረዋል። ይህ ፈጣን ንድፍ ነው፤ ማማር የለበትም፣ መያዝ ብቻ ነው ያለበት። ሁለተኛው ደረጃ ጥናት ነው። እጅ ካስቸገረው እጅ ብቻ ደጋግሞ ይስላል፤ የነጠላ እጥፋት ካስቸገረው እጥፋቱን ብቻ። ሦስተኛው ቅንብር ነው። ማን መሀል ይቁም? ማን ዳር ይሁን? ብርሃኑ ከየት ይምጣ? ይህን ለመወሰን በትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ አራት አምስት ዓይነት አቀማመጥ ይሞክራል። አራተኛው ማሳደግ ነው። በትንሹ ንድፍ ላይ ካሬ ካሬ ይሰምራል፤ በትልቁ ሸራም ላይ በቁጥር እኩል የሆኑ ትልልቅ ካሬዎች ይሰምርና በየካሬው ያለውን መስመር ያሸጋግራል። ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። የስፔኑ ሠዓሊ ፒካሶ በ1937 ጌርኒካ የምትባል ከተማ በአውሮፕላን መደብደቧን ሰምቶ የሠራው ታላቅ ሥዕል አለ። ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 8 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ሥዕሉን ለማድረስ ከ40 በላይ ንድፎችና ጥናቶች ሠርቷል፤ ቀን እየጻፈባቸው ስለሄደ ሐሳቡ እንዴት እንዳደገ ዛሬም መከታተል ይቻላል። ከእኛም አገር ብንወስድ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለቀለም መስታወት በእርሳስ ማዕድን እየተያያዘ የሚገጠም ነገር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከመቆረጡ በፊት በልኩ የተሠራ ሙሉ ንድፍ ያስፈልገዋል። በዚያ ሥራ ስህተትን በላጲስ ማጥፋት የለም።

ታዲያ ረቂቅ ሥዕል የሚሠራ ሰውስ? እሱማ ንድፍ አያሻውም የሚል ብዙ ነው። የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጠናል።

ሙግቱ

ገብረ ክርስቶስ ሥራዎቹን በ1963 በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳየ። ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለለመደ፣ ወይም ፊትን ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል ለሚወድ ሰው ነገሩ እንግዳ ነበር። የፈረንጅ ኩረጃ ነው ያለ አለ። መሳል ስለማይችል ነው ቀለም የሚለቀልቀው የሚል ሐሜትም እንዲህ ያለ ሥዕል በታየበት አገር ሁሉ የማይቀር ነው። ሥዕልን በጥሞና ያዩ ሰዎች ደግሞ አዲስ ነገር መምጣቱን አወቁ።

እኛ ስናስበው፣ ሐሜቱ የተሳሳተው ከመነሻው ነው። ይህ ሰው ልጅነቱን ያሳለፈው መስመር ሳይስት እጁን የሚያሠራ አባት አጠገብ ነው። ከዚያ በኋላም ዓመታት በትምህርት ቤት አሳልፏል። ረቂቅ ሥዕል ብቻም አልሠራም፤ ሰውን በሰው ቅርጽ የሳለባቸው ሥራዎችም አሉት። ቅርጽን የተወው ስላቃተው ሳይሆን የሚናገረው ነገር ሌላ መንገድ ስለፈለገ ነው። ቅርጽን የማያውቅ ሰው ቅርጽን ተወ አይባልም፤ ጭራሽ አልያዘውማ!

ለምሳሌ በ1963 የሠራውን «ጎልጎታ» የተባለ ሥዕል እንውሰድ። ስቅለት በሀገራችን ሠዓሊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የተሳለ ርዕስ ነው። አባቱም የሚያውቁት ርዕስ ነው። ገብረ ክርስቶስ ግን እንደ ብራናው አልሳለውም፤ በቀይ ሞላው። ሥዕሉን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ደሙንና ሕመሙን ነው። ይህ ከምንም የመጣ አይደለም። ልጁ የአባቱን ሥዕል እየቀዳ የተማረው ስቅለት፣ በኮሎኝ በኩል ዞሮ፣ በራሱ መንገድ ተመልሶ ነው የመጣው። ዘመናዊና ጥንታዊ ብለን የምንለያቸው ነገሮች በአንድ ሰው እጅ ላይ እንደተገናኙ እኛ የተረዳነው ከዚህ ሥዕል ነው።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው። አፈወርቅ ተክሌ ያንኑ ሽልማት ያገኘው ከሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1964 ነው። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በ1967 አገኘ። ሦስቱም የሚስሉት ለየብቻ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር የእጃቸውን ሥራ በሚገባ የተማሩ መሆናቸው ነው።

መምህሩ

አሁን ለእኛ ለእጩ መምህራን ወደሚጠቅመው ክፍል ደረስን። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን እንደተመለሰ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ለዓመታትም አስተማረ። እስክንድር ቦጎሲያንም ከ1966 እስከ 1969 እዚያው አስተምሯል። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የነበሩ ተማሪዎች ምን ያህል ዕድለኞች ነበሩ!

ከገብረ ክርስቶስ ተማሪዎች መካከል በኋላ ስማቸው የታወቀ ብዙዎች ናቸው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አንዱ ነው፤ የአማርኛን ፊደል እየሰባበረና እያስጨፈረ ሥዕል በማድረግ በዓለም ታወቀ። ጥበበ ተርፋም እንዲሁ የሱ ተማሪ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ የነዚህ ሰዎች ሥራ የገብረ ክርስቶስን ሥራ አይመስልም። አንድ መምህር ተማሪዎቹ ሁሉ የሱን እጅ ቢቀዱለት ደስ ይለው ይሆናል። ግን ያ መምህር አስተማረ አይባልም፤ አባዛ ነው የሚባለው። ጥሩ መምህር ተማሪው የራሱን መስመር እንዲያገኝ ያደርጋል።

እኛስ? እኛ ያን ልጅ ምን አደረግነው? ያገኘውን መስመር ቀደን ኪሳችን ከተትን።

ገጣሚው ስደተኛ

ገብረ ክርስቶስ በሥዕል ብቻ አልቆመም፤ ግጥምም ጻፈ። «አገሬ» የተባለውን ግጥሙን ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ በትምህርት ቤት በዓላት ስንት ጊዜ ተነቧል! በግጥሙም እንደ ሥዕሉ ከተለመደው ቤት አመታት ወጣ ብሎ አዲስ መንገድ ይሞክር ነበር። ግጥሞቹ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ የወጡት እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ነው።

ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የመጡት ዓመታት ለብዙ ጸሐፊና ሠዓሊ የጭንቀት ዓመታት ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሀገሩን ለቆ ወጣ። አስቀድሞ ወደሚያውቃት ጀርመን ሄደ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ያረፈባት ከተማ በኦክላሆማ ግዛት የምትገኝ ላውተን የምትባል ናት። ከኮተቤና ከሐረር ይህን ያህል የራቀ ቦታ ማሰብ ያስቸግራል። እዚያም ብዙ አልቆየም። መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ስለ ሀገሩ ያን የመሰለ ግጥም የጻፈ ሰው አፈሩ የባዕድ አፈር ሆነ።

ሠዓሊ ሲሰደድ ሥዕሉን ሁሉ ተሸክሞ አይሄድም። ገጣሚ ግጥሙን በቃሉ ሊይዝ ይችላል፤ ሸራ ግን በልብ አይያዝም። የገብረ ክርስቶስም ሥራዎች ተበታተኑ፤ ከፊሉ እዚህ፣ ከፊሉ ጀርመን ቀረ። ደግነቱ ብዙዎቹ እንደገና ተሰባስበዋል። ጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ ወደ ሀገር ተመልሰው፣ በስሙ የተሰየመው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስድስት ኪሎ አካባቢ በ2008 ተከፈተ። ሰውየው አልተመለሰም፤ ሥራው ተመለሰ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ሠዓሊ ልንሆን አይደለም የመጣነው። ነገር ግን እንደተመረቅን የምንመደብበት ትምህርት ቤት የተሟላ ሥዕላዊ መርጃ ይኖረዋል ብለን አንጠብቅ። የላም ሆድ ዕቃ፣ የውኃ ዑደት፣ የልብ ክፍሎች፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ ይህን ሁሉ በጠመኔ የምንስለው እኛው ነን። ስለዚህ ሦስት ጓደኛሞች ተነጋግረን የንድፍ ደብተር መያዝ ጀምረናል። ከሞከርነው ጥቂቱን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ውድ ደብተር አያስፈልግም። የመስመር ደብተርም ይሆናል፤ ዋናው ከኪስ ወይም ከቦርሳ አለመለየቱ ነው። በየንድፉ ሥር ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ከወር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስታዩ እጃችሁ ምን ያህል እንደሄደ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ሁለተኛ፣ ላጲሱን ቤት ተዉት። የተሳሳተውን መስመር ከማጥፋት አጠገቡ ትክክለኛውን መሳብ ይሻላል። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ካጠፋነው የሳልነው ያንስ ነበር፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ሥዕሉ አልወጣም።

ሦስተኛ፣ ከመጽሐፍ ከመቅዳት በፊት ያያችሁትን ሳሉ። የሚሳል ነገር ሞልቷል። የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ጥሩ ሞዴል ነው፣ የትም አይሄድባችሁም። ሾላ ገበያ ዘንቢል የታቀፉ እናቶች አሉ። በቦሌ በኩል የምታልፉ ደግሞ ግማሽ የደረሰ ፎቅ ከነእንጨት መወጣጫው ታገኛላችሁ። አንድ ነገር እንጠንቀቅ፤ ሰው ሲሳል የማይወድ ከሆነ ይቅርታ ጠይቆ ማቆም ጨዋነት ነው። አንዲት እናት ደብተራችንን አይተው ጀርባቸውን መጉበጡን አሳይተናልና ቅር አላቸው፤ ይቅርታ ጠየቅን፤ ቀጥሎ ግን ቁጭ ብለው ፊታቸውን አስሳሉን።

አራተኛ፣ ከንድፉ ወደ ትልቁ ሥራ ስትሸጋገሩ ካሬ ተጠቀሙ። በደብተር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነውን በሰሌዳ ወይም በትልቅ ወረቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት ሥዕሉ አሥር እጥፍ ረዝሞና ሰፍቶ ይወጣል፤ አይንጋደድም። ትልቅ ወረቀት ካጣችሁ የሲሚንቶ ከረጢት የውስጥ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ለጥቁር ቀለም ከሰል፣ ለቡናማ የቡና አተላ ይሠራል። እኛ የተክሉን ክፍሎች በዚህ ዓይነት እንደገና ሠርተናል፤ አሁን ጃንጥላ አይመስልም።

አምስተኛው ምክራችን ስለ ተማሪዎቻችን ነው፤ ታሪኩን ጨርሰን እንናገረው።

ያን የተጨማደደ ወረቀት በመጽሐፍ መሀል አድርገን አቃናነውና ወደ ትምህርት ቤቱ ይዘን ተመለስን። ልጁን ጠርተን ሰጠነው፤ ጥፋቱ የኛ መሆኑንም ነገርነው። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም አለ። ደብተሩን እንዲያሳየን ጠየቅነው። የኋላውን ገጽ ገለጥን፤ ባዶ ነበር። የቀጠለውንም ገለጥን፤ ባዶ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም መስመር አልጫረም። ክፍሉ የሳቀበትን እኛ ረስተነው ነበር፤ እሱ ግን አልረሳውም።

አንድ አዲስ ደብተር ገዝተን ሰጠነው። መስመር የሌለው ነው። በክፍለ ጊዜ ሳይሆን በእረፍት እንዲስልበት፣ ለእኛም እንዲያሳየን ለመንነው። አይቶ አይቶ ከቦርሳው ከተተው። ይሳልበት አይሳልበት እስካሁን አላወቅንም። ልምምዳችን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ገብረ ክርስቶስን የመረጥንበት ሦስተኛው ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። በሐረር አንድ ትንሽ ልጅ የአባቱን ሥዕል ሲቀዳ፣ አባቱ ብዕሩን ቀምተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም በማን ስም ይጠራ ነበር? አለቃ ደስታ አልቀሙትም። እኛም በየሄድንበት ክፍል ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ የሚጭር ልጅ ይገጥመናል። ያን ጊዜ እጃችን ወደ ገጹ ከመሄዱ በፊት ዓይናችን ይቅደም።

የንድፍ ደብተር የያዛችሁ ወይም ለመያዝ የምትፈልጉ ጓደኞቻችን፣ ከሳላችሁት አንድ አንድ ገጽ አምጥታችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከጽሑፋችን ሥር እንድትለጥፉ እንጠይቃለን። ማማር የለበትም። ቀኑና ቦታው ይጻፍበት እንጂ።